አይቪኤፍ ከመጀመራችን በፊት ሁለታችንም ተመረመርን

እናቴን ስለ ወር አበባዋ እጠይቃታለሁ ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም ነበር። በቤታችን ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ አዲስ አበባ ስላሉት ዘመዶቻችን እናወራለን። ስለ ማህፀን ግን አናወራም። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ቅጽ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ቅጹ ላይ «እናትዎ የወር አበባቸው የቆመው በስንት ዓመታቸው ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ጥያቄው የተጻፈው በጀርመንኛ ነው፤ በደንብ ገብቶኛል። በአማርኛ እንዴት እንደምጠይቃት ግን አላወቅኩም።

«እማዬ፣ የወር አበባሽ... መቼ ነው ያለቀው?» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። «አለቀ አይባልም፤ ማረጥ ነው የሚባለው። ‹ሴትዮዋ አረጠች› ይባላል። እኔ ያረጥኩት በ51 ዓመቴ ነው። ለምን ጠየቅሽኝ?» አለችኝ።

በ36 ዓመቴ አንድ አዲስ የአማርኛ ቃል ተማርኩ። ለምን እንደጠየቅኳት ለመንገር ግን ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ጊዜ ወሰደብኝ። ልጅ እንደምንፈልግ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ሞክረን እንዳልሆነልን፣ አይቪኤፍ ልንጀምር እንደሆነ ነገርኳት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩትን ለእናንተ ለማካፈል ነው። በተለይ እንደኔ ውጭ አገር ላደጋችሁ፣ ስለ እነዚህ ነገሮች በአማርኛ ለማውራት ቃል ለሚያጥራችሁ።

ለምን ቸኮልኩ?

እኔ ጀርመን የመጣሁት በሦስት ዓመቴ ነው። ያደግኩት ፍራንክፈርት ነው። ባለቤቴ ግን አዲስ አበባ አድጎ ለትምህርት ነው የመጣው። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል። በመጀመሪያው ዓመት ሥራና ቤት እስኪስተካከል ብለን ቆየን። ከዚያ በኋላ ልጅ ለመውለድ መሞከር ጀመርን። ስድስት ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ፤ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሐኪሞች የሚሉት ግልጽ ነው። ሴቷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች፣ አንድ ዓመት ያለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሞክረው ካልሆነ ሁለቱም ይመርመሩ ይላሉ። 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ግን ስድስት ወር ይበቃል። የወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት የታወቀ ችግር ካለ ደግሞ ጨርሶ መጠበቅ አያስፈልግም። እኛ ግን ይህን ሳናውቅ ጠበቅን። ሁሉም ሰው የራሱ መልስ ነበረው። አክስቴ «ሥራ ቀንሺ» አለችኝ። የባለቤቴ እናት በስልክ ባገኙን ቁጥር «ምን ትጠብቃላችሁ? እኔ እኮ እያረጀሁ ነው» ይላሉ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ «ጊዜ አታጥፉ፤ ቀጥታ አይቪኤፍ ግቡ» አለችኝ።

የጓደኛዬ ምክር ደስ አለኝ። አይቪኤፍ ማለት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሴቷ ለጥቂት ቀናት የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላሎች ያድጋሉ፤ ሐኪሙ እንቁላሎቹን በቀጭን መርፌ ያወጣቸዋል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ከወንዱ ዘር ጋር ይገናኛሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የተፈጠረው ፅንስ ወደ ማህፀን ይገባል። በዚህ መንገድ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን ናት። የተወለደችው እንግሊዝ አገር በኦልደም ከተማ፣ ሐምሌ 1978 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እናቷ ቱቦዋ ተዘግቶ ለዘጠኝ ዓመታት ልጅ አጥታ ነበር። ይህን ሳነብ «እንግዲህ ችግሩ ምንም ይሁን፣ አይቪኤፍ ያልፈዋል» ብዬ ደመደምኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

የቸኮልኩበት ሌላም ምክንያት ነበር። ጀርመን ውስጥ ሕጋዊው የጤና መድን፣ ሁላችንም ክራንከንካሴ የምንለው፣ ለተጋቡ ሰዎች የሦስት ሙከራ ወጪ ግማሹን ይከፍላል። ሴቷ ከ25 እስከ 40 ዓመት፣ ወንዱ ከ25 እስከ 50 ዓመት መካከል መሆን አለባቸው። ሴቷ 40 ከሞላች በኋላ ይህ መብት ያበቃል። አንዳንዱ ክራንከንካሴ ከግማሽ በላይ ይከፍላል፤ የኛ ግን ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪው ከኪሳችን ነው። ለአንድ ሙከራ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይፈልጋል። ስለዚህ በልቤ ሁለት ነገር እቆጥር ነበር፦ ዕድሜዬንና ሦስቱን ሙከራ።

ክሊኒኩ ገብቼ እንደተቀመጥኩ «መቼ እንጀምራለን?» ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። «መጀመሪያ ምን እንደምናክም እንወቅ» አለችና ሁለት ቅጾች ሰጠችኝ። አንዱ የኔ ነው፤ ሌላው የባለቤቴ። የኔን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። የሱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩለት።

እናቴ ያስታወሰችው

ሐኪሟ የእናቴን የማረጥ ዕድሜ የጠየቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። እናት ወይም እህት በጣም ቀደም ብለው፣ ለምሳሌ ከ45 ዓመት በፊት ካረጡ፣ የልጅቱም እንቁላል ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። በኋላ አዲስ አይፈጠርም፤ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ቅጹ ላይ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄም ነበር። እኔ «ትርፍ አንጀት፣ በ11 ዓመቴ» ብዬ ጽፌ አልፌ ነበር። እናቴ ከጎኔ ሆና ስታይ «እሱ ብቻ ነው የጻፍሽው?» አለችኝ።

«ሌላ ምን አለ?»

«ልጄ፣ ፈንድቶ እኮ ነበር። መግሉ ሆድሽ ውስጥ ተረጭቶ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተሻል። እኔ ወንበር ላይ ነበር የማድረው።»

እኔ የማስታውሰው ጠባሳውንና አባዬ ያመጣልኝን አይስክሬም ብቻ ነው። ለሐኪሟ ይህን ስነግራት ወዲያው ጻፈችው። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ሆድ ውስጥ ጠባሳ ሊተው፣ ጠባሳውም የማህፀን ቱቦን ሊይዝ ወይም ሊዘጋ እንደሚችል አስረዳችኝ። ከሌሎቹ ምክንያቶች መካከል ክላሚዲያ የሚባለው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ቱቦን ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም ከሳንባ ውጭ ሄዶ ማህፀንንና ቱቦን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በቤተሰባችሁ ቲቢ የታመመ ሰው ካለ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እንደ ኢትዮጵያ ቲቢ በሚበዛባቸው አገሮች ያደገ ሰው ይህን መናገሩ ይጠቅማል፤ አውሮፓ ያለ ሐኪም ራሱ ላያስበው ይችላል።

የኔ ምርመራዎች

ምርመራዎቹ አራት ዓይነት ነበሩ።

አንደኛው የደም ምርመራ ነው። የወር አበባዬ በመጣ በሦስተኛው ቀን ኤፍኤስኤችና ኢስትሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ተለኩ። ኤኤምኤች የሚባለውም ተለካ፤ እሱ በየትኛውም ቀን ሊለካ ይችላል። ኤኤምኤች ምን ያህል እንቁላል እንደቀረ ግምት ይሰጣል። የኔ 1.5 ሆነ፤ ብዙም አይደለም፣ በጣም ትንሽም አይደለም። ደነገጥኩ። ሐኪሟ ግን አንድ ነገር አስረዳችኝ፦ ይህ ቁጥር መርፌው ስንት እንቁላል ሊያስገኝ እንደሚችልና የመድኃኒቱን መጠን ለመገመት ይረዳል እንጂ «ትወልጃለሽ» ወይም «አትወልጂም» አይልም። ስለ እንቁላሉ ጥራት የበለጠ የሚናገረው ዕድሜ ነው። የታይሮይድ፣ ማለትም የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንም ተለካ። እሱ ከተዛባ ፅንስ እንዳይያዝ ወይም እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በእንክብል ይስተካከላል። የኔ ደህና ነበር።

ሁለተኛው አልትራሳውንድ ነው። ሐኪሟ በግራና በቀኝ ያሉትን ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ቆጠረች። ማህፀኔ ውስጥ ማዮማ ወይም ፖሊፕ መኖሩንም አየች። ማዮማ ያላት ሴት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። ወደ ማህፀን ውስጠኛው ክፍል የገባ ከሆነ ግን ከአይቪኤፍ በፊት ማውጣት የሚመከርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛው የተላላፊ በሽታ ምርመራ ነው፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ። ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሁለታችንም የታዘዘ ነው። እዚህ አገር የኤችአይቪ ምርመራ ግዴታ ነው፤ ሁለታችንም ሳንመረመር ክራንከንካሴው አይከፍልም። አንዳንድ ሰዎቻችን ይህን ሲሰሙ «ለምን? ምን ጠርጥረውን ነው?» ይላሉ። ጥርጣሬ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ይመረመራል። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰውም መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ ጤነኛ ልጅ ሊወልድ ይችላል። ከዚህ ጋር የሩቤላ ክትባት መኖሩ ይታያል፤ ሩቤላ በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ክፉኛ ይጎዳል። ክትባቱን የምትወስዱት ከማርገዛችሁ በፊት ነው፤ ከወሰዳችሁ በኋላም አንድ ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። የክትባት ካርዳችሁ አገር ቤት ጠፍቶ የቀረ ካላችሁ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አራተኛው የቱቦ ምርመራ ነው። በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ወደ ማህፀን ይገባና በሁለቱም በኩል ማለፉ በአልትራሳውንድ ይታያል። በሌላ ቦታ በኤክስሬይ ያደርጉታል። እንደ ኃይለኛ የወር አበባ ሕመም ትንሽ ያማል፤ ቶሎ ግን ያልፋል። የኔ በግራ በኩል አለፈ። በቀኝ በኩል አላለፈም። የቀኙ ቱቦ ጫፉ ተዘግቶ ውሃ ቋጥሯል። ትርፍ አንጀት ያለውም በቀኝ በኩል ነው።

«ምንም አይደል፤ አይቪኤፍ ቱቦውን አልፎ ነው የሚሄደው አይደል?» አልኳት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ውሃው ተመልሶ ወደ ማህፀን እንደሚፈስና ፅንሱ እንዳይያዝ እንደሚያደርግ ነገረችኝ። ውሃ የቋጠረ ቱቦ እያለ የሚደረግ አይቪኤፍ የሚሳካበት ዕድል ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦው ይውጣ፣ ከዚያ ሕክምናው ይጀመር አለችኝ። እኔ ሳልመረመር ልጀምረው የነበረው ይህን ነው።

ፍሪጅ ላይ የቆየው ቅጽ

ይህ ሁሉ ሲሆን የባለቤቴ ቅጽ ፍሪጁ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞለት ሦስት ጊዜ አልሄደም። አንዴ ሥራ በዛ፤ አንዴ ጉንፋን ያዘው፤ አንዴ ረሳሁት አለ። ምርመራው ግን ከኔ ሁሉ ቀላል ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት ብቻ ነው። መርፌ የለውም፤ ሕመም የለውም።

አንድ ቀን ማታ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። እናቱ የጠየቁት ነገር አልተሰማኝም። እሱ ግን «አዎ እማዬ፣ ክትትል ላይ ናት። እየታከመች ነው» አላቸው።

እየታከመች ነው። እኔ ብቻ። አማርኛ ስማር አባዬ በግስ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እንዳልሳሳት ብዙ ጊዜ አርሞኛል። ያን ቀን ማታ ግን ትክክል የተነገረች ፊደል አስለቀሰችኝ። ተጣላን። «አንተስ?» አልኩት። «እኔ ደህና ነኝ፤ ይሰማኛል» አለ። ደህና መሆን የሚሰማ ነገር እንዳልሆነ ነገርኩት። ልጅ በማይወልዱ ጥንዶች መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት። ወንዱ ጠንካራ ቢሆን፣ ስፖርት ቢሠራ፣ በግንኙነት ምንም ችግር ባይኖርበትም የዘሩ ቁጥር በዓይን አይታይም። አልመለሰልኝም።

እሑድ ቀን እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። እናቴ ነገሩን ለአባቴ ነግራው ኖሯል። አባቴ ብዙ አይናገርም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለው። «እሷ ከመወለዷ በፊት አምስት ዓመት ልጅ አልነበረንም። ይህችን ሴት ሰፈሩ ሁሉ መካን ሲላት ነበር። ያልሄደችበት ጸበል፣ ያልጠጣችው መድኃኒት የለም። ዘመዶቼ ሌላ አግባ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ በዚህም ራሴን እንደ ጥሩ ባል እቆጥር ነበር። ግን በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ‹እኔም ልመርመር› አላልኩም። ሐኪም ቤት የምትወስዳት እህቷ ነበረች።»

ባለቤቴ ዓይኑን ስኒው ላይ ተከለ። «እሺ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች «መመርመሩ ይቅር፤ ውጭ ቆመህ ብትጠብቀኝ ራሱ ይበቃኝ ነበር» አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ግን ይህን ነገር ለአርባ ዓመት ያህል ይዛው እንደኖረች ገባኝ። አባቴ «ልክ ነሽ» አላት። ችግሩ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ያኔ ሁለቱንም አንድ ላይ የመረመረ ሐኪም የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ባለቤቴ «ነገ ራሴ እደውላለሁ» አለኝ። ደወለ። ሄደም። እኔም ውጭ ተቀምጬ ጠበቅኩት።

ውጤቱ የለወጠው ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዝቅተኛው መለኪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው፤ ከእነሱም ቢያንስ 42 ከመቶው የሚንቀሳቀሱ ቢሆኑ ይመረጣል። የባለቤቴ 6 ሚሊዮን ሆነ። የሚንቀሳቀሱትም ጥቂት ነበሩ። ከዚህ መለኪያ በታች መሆን መውለድ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ዕድሉን ግን ይቀንሰዋል።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «የኔ ነው ማለት ነው» አለ።

«የኔም አለ። የሁለታችን ነው» አልኩት። እውነቱም ይኸው ነበር። አንዱ ላይ የሚለጠፍ ነገር አልነበረም።

ሐኪሟ በአንድ ውጤት ብቻ አትወስንም። ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ወደ ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ከነበረ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ እንዲደገም አዘዘች። ወደ ዩሮሎጂ ሐኪምም ላከችው። እዚያ በዘር ፍሬ ዙሪያ ያበጠ የደም ሥር መኖሩ ታየ፤ የለበትም። ሆርሞኑም ተለካ። ቁጥሩ ከ5 ሚሊዮን በታች ቢሆን ኖሮ የክሮሞዞም ምርመራም እንደሚታዘዝ ነገሩት። ባለቤቴ ከስፖርት በኋላ ሳውና መግባት ይወድ ነበር፤ ተወው፤ ሙቀት ዘርን ይጎዳል። ሲጋራም አቆመ። የጡንቻ ማሳደጊያ ቴስቶስትሮን የሚወስዱ ወንዶች ደግሞ ይህን ለሐኪማቸው መደበቅ የለባቸውም፤ የዘር ምርትን ጨርሶ ሊያቆም ይችላል።

በሦስት ወሩ መካከል የኔ ቱቦ ወጣ። ቀዶ ሕክምናው በትንንሽ ቀዳዳዎች የተደረገ ነው፤ በማግሥቱ ቤቴ ገባሁ። የባለቤቴ ሁለተኛ ውጤት 8 ሚሊዮን ሆነ። ተሻሽሏል፤ ግን አሁንም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ተራውን አይቪኤፍ ሳይሆን ኢክሲ የሚባለውን መረጠችልን። በተራው አይቪኤፍ ዘሩና እንቁላሉ አንድ ሳህን ላይ ሆነው ራሳቸው ይገናኛሉ። በኢክሲ ግን አንድ ዘር ተመርጦ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ዘር ላላቸው ወንዶች ትልቅ ተስፋ የሆነ ዘዴ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በመስከረም እንደቸኮልኩት ብንጀምር ኖሮ ውሃ የቋጠረው ቱቦ እንዳለ፣ ለኛ በማይሆነው ዘዴ፣ ከሦስቱ ሙከራዎች አንዱን እናባክን ነበር። ገንዘቡም ይሄድ ነበር። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ካልተሳካ በኋላ ሁሉም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ጥፋቱን በኔ ላይ እናደርገው ነበር።

እናንተስ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ አቅፌ እውላለሁ። ግን እንደ እህት የምመክራችሁ አለ።

አብራችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ሁለታችሁም ተገኙ። የወንዱ ምርመራ ቀላሉና ርካሹ ስለሆነ ከሴቷ ጋር በአንድ ጊዜ ይደረግ እንጂ መጨረሻ ላይ አይቆይ።

እናቶቻችሁን ጠይቁ። መቼ እንዳረጡ፣ ፅንስ ወርዶባቸው እንደሆነ፣ እናንተ በልጅነታችሁ ምን እንደታመማችሁ ጠይቋቸው። የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።

ቃላቱን በአማርኛ ያዙ። ማህፀን፣ እንቁላል፣ የወር አበባ፣ ማረጥ፣ የዘር ፈሳሽ። የሚያሳፍሩ ቃላት አይደሉም። «መካን» የሚለውን ቃል ግን በሰው ላይ አትጣሉ፤ እናቴን አምስት ዓመት አቁስሏታል።

የምትኖሩበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጀርመን ውስጥ የሕክምናው ዕቅድ በክራንከንካሴው ሳይፈቀድ ከተጀመረ አይከፈልም። አሜሪካ ከሆናችሁ የሚሸፈነው እንደ ክፍለ ግዛቱና እንደ ኢንሹራንሱ ይለያያል። በብዙ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል፤ ወረቀታችሁን ቀድማችሁ አስተርጉሙና አረጋግጡ። የምርመራ ውጤታችሁን ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ ክሊኒክ ወይም አገር ስትቀይሩ እንደገና ከመክፈል ያድናችኋል።

ፎሊክ አሲድ አሁኑኑ ጀምሩ። በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝና በፊት መውሰድ የሕፃኑን አንጎልና አከርካሪ ከጉዳት ለመከላከል ይረዳል። ሌላ በሽታ ያለባችሁ ወይም መድኃኒት የምትወስዱ መጠኑን ሐኪም ጠይቁ።

ዕቅዳችን ባለፈው ሳምንት ተፈቅዷል። መርፌውን የምጀምረው በሚቀጥለው ወር ነው። ይሳካ አይሳካ አላውቅም። ሐኪሟም ቃል አልገባችልኝም። ግን አሁን የምንገባበትን እናውቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴ እናት ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም እሰማለሁ። «ልጄ፣ የሷ ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁት።

ባለቤቴ አየት አደረገኝና «እማዬ፣ የሷ ብቻ አይደለም። እኔም ተመርምሬ ችግር ተገኝቶብኛል። እየታከምን ነው» አላቸው።

ስልኩ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎን ነበር።

«እህ... እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ የጎረቤቴ ልጅም ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምና እያመላለሱ ነው ብላኛለች። ሚስቱን ብቻ ነበር የሚልካት። ልንገረው፤ እሱም ይሂድ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷ አለች? እስቲ ስጣት» አሉት።

ስልኩን ተቀበልኩ። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። አንቺስ? ቁስሉ ዳነልሽ?» አሉኝ። ስለ ልጅ ሳይሆን ስለኔ ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።